አውሮፕላኑ ዐረፈ፣ አብራሪው አሳረፈ፦ ስለ ግል አብራሪዎች የጋራ በረራና የማሳረፍ ልምምድ ስያሜዎች

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በግል ፈቃድ የሚያበርሩ ሰዎች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በጋራ ይዘው ሲለማመዱ ለሚፈጽሟቸው ተግባራት፣ በተለይም አውሮፕላንን በለዘብታና መስመር ሳይስቱ ለማሳረፍ፣ የሚያገለግሉ የአማርኛ ስያሜዎችን መመርመርና የተመረጡትን ለውይይት ማቅረብ ነው።

ለጥናቱ ምክንያት የሆነው በውጭ አገር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ተርጓሚ የላከልን አራት ገጽ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ ሁለት የግል አብራሪዎች አንዲት አውሮፕላን ተከራይተው፣ አንደኛው በመሄጃው፣ ሁለተኛው በመመለሻው እያበረሩ፣ በደረሱበት ማረፊያ ሁሉ ማሳረፍን እንዴት እንደሚለማመዱ ይገልጻል። ተርጓሚው ስለ ሞተሩና ስለ መሣሪያዎቹ ስም አልተቸገረም፤ ለእነዚህ የውሰት ቃላት አሉትና። የተቸገረው «በጋራ መብረርን» ምን እንበለው? «መስመር ጠብቆ ማረፍን» ምን እንበለው? «ለስላሳ ማረፍ» ማለትስ አማርኛ ነውን? በሚሉት ላይ ነው። ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ ምን ያህል ሊያስደነግጥ እንደሚችል ይህ ጸሐፊ ከራሱ ስሕተት ተምሮታል።

2. ሰንበቴ ላይ የተፈጸመ የትርጉም ስሕተት

ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከከሚሴ በስተ ደቡብ፣ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። በእሑድ ገበያዋ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ስለሚገናኙ፣ አንድ ነገር በሁለትና በሦስት ስም ሲጠራ መስማት ለቦታው ሰው እንግዳ አይደለም። አውሮፕላንም እዚያ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ከዐረብኛ በመጣው «ጢያራ» በሚለው ስም ነው።

ከዓመታት በፊት የአንድ ጎረቤታችን ልጅ በውጭ አገር የግል አብራሪነት ትምህርት ይከታተል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አስተማሪ፣ ብቻውን በበረረ ዕለት አስተማሪው ለቤተሰቡ የደስታ ደብዳቤ ጻፈ። እኔም ለዕረፍት በስፍራው ስለ ነበርሁ ደብዳቤውን እያነበብሁ በአማርኛ እንድነግራቸው ተጠየቅሁ። የደብዳቤው አጻጻፍ በአክብሮት የተሞላ ስለ ነበር እኔም በአንቱታ ተረጐምሁት፦ «ተማሪው ብቻቸውን በርረው በሰላም ዐርፈዋል።»

እናቲቱ «ያ አላህ!» ብለው ከተቀመጡበት ተነሡ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለመግለጽ አስፈላጊ አይደለም። ቤቱን ያረጋጉት በአጠገባቸው ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ አጎታቸው ናቸው። «ልጄ፣ ቆይ እስቲ፤ ያረፈው ጢያራው ነው ወይስ ልጁ?» ብለው ጠየቁኝ። «ጢያራው ነው፣ አባባ፤ ልጁ ደኅና ነው» አልሁ። «እንዲያ ከሆነ ጢያራው ዐረፈ፣ ልጁ ወረደ በላ!» አሉኝ።

በዚያ አካባቢ በሰዎች ዘንድ ስለ ሟች ሲነገር ይበልጥ የሚለመደው «ወደ አኼራ ሄደ» የሚለው ነው። ይሁን እንጂ በሬዲዮ የሚሰማው የኀዘን ማስታወቂያ «ዐረፉ» የሚለውን ቃል ለሁሉም አስተምሮታል። ሽማግሌው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ያረሙኝን፣ እኔ በሥነ ቋንቋ ትምህርት ዶክትሬት ይዤ አላስተዋልሁትም ነበር።

3. «ዐረፈ» እና የባለቤቱ ጥያቄ

«ዐረፈ» የሚለው ግሥ ከግእዝ የወረስነው ሲሆን በዛሬው አማርኛ ቢያንስ ሦስት ፍች አለው፦

(ሀ) ከድካም ወይም ከሥራ ጋብ አለ፦ «ገበሬው ከጥላ ሥር ዐረፈ።»
(ለ) ከዚህ ዓለም ድካም ተለየ፣ ሞተ፦ «አዛውንቱ ትናንት ዐረፉ።»
(ሐ) በራሪ ነገር ከአየር ወርዶ በመሬት ወይም በዛፍ ላይ ተቀመጠ፦ «አሞራው ዐረፈ»፤ «አውሮፕላኑ ዐረፈ።»

ሁለተኛው ፍች ጎልቶ የሚወጣው ባለቤቱ ሰው ሲሆን፣ ከዚያም ይልቅ በአንቱታ ሲነገር ነው። «ልጁ ዐረፈ» ብንል ሰሚው ሊያመነታ ይችላል፤ «ካፒቴኑ ዐረፉ» ብንል ግን ብዙው ሰው ወደ ኀዘን ያዘነብላል። እንግዲህ ባለማዕረግ አብራሪን ለማክበር የተጠቀምንበት የአንቱታ ምዕላድ ራሱ ሰውየውን ይገድለዋል ማለት ነው። «በሰላም» የሚለው ተውሳከ ግሥም አያድነንም፤ ሰዎች በሰላምም ያርፋሉና።

ከጎረቤት ቋንቋዎች ጋር ብናነጻጽር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በኦሮምኛ ማረፍና በክብር ሲነገር መሞት «ቦቆቹ» በሚለው ግሥ ይገለጻሉ፤ የጢያራ ማረፍ ግን «ቁበቹ» ነው። ይህም መሠረቱ መስፈር፣ በአንድ ቦታ መቀመጥ ማለት ነው። ስለዚህ የሰንበቴ ኦሮምኛ ተናጋሪ አማርኛ በአንድ ቃል ያጨቀውን በሁለት ቃል ይለያል። ትግርኛ ደግሞ የአውሮፕላን ጣቢያን «መዓርፎ ነፈርቲ» ሲል እንደ አማርኛ ከዚሁ ከ«ዐረፈ» ሥር ቀድቷል።

ታዲያ አዲስ ግሥ እንፍጠርን? አያስፈልግም። መፍትሔው በራሱ በሙያው ስም ውስጥ ተቀምጧል። አማርኛ አውሮፕላን የሚነዳውን ሰው «በራሪ» አላለውም፤ «አብራሪ» አለው። «በራሪ» ራሱ የሚበር ነው፤ «አብራሪ» ሌላውን እንዲበር የሚያደርግ ነው። ሕዝቡ ይህን ስም ሲቀበል የሚበረው መሣሪያው፣ የሚያስበርረው ሰው መሆኑን በሰዋስው ወስኗል። እኛ የሚጠበቅብን ይህንኑ ውሳኔ በሌሎቹ ግሦች ላይ ሳያወላውሉ መከተል ብቻ ነው፦

አውሮፕላኑ በረረ፤ አብራሪው አበረረ።
አውሮፕላኑ ተነሣ፤ አብራሪው አስነሣ።
አውሮፕላኑ ዐረፈ፤ አብራሪው አሳረፈ።

ሰዎቹን በተመለከተ የሽማግሌው ቃል ይበቃል፤ ሰዎች ከአውሮፕላን ይወርዳሉ። «አብራሪዋ በሰላም አሳርፋ ወረደች» የሚል ዐረፍተ ነገር ማንንም እናት አያስደነግጥም።

«አሳረፈ» ሌላ ፍች የለውምን? አለው፤ «ጥፊ አሳረፈበት» እንላለን። ነገር ግን ይህኛው ፍች «በት» የሚለውን ምዕላድና የምት ስምን ተሳቢ አድርጎ ስለሚሻ፣ «አውሮፕላኑን አሳረፈ» ከሚለው ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አይጋጭም። ከዚህ አንድ መመዘኛ እናገኛለን፦ አንድ ቃል ብዙ ፍች ስላለው ብቻ ለሙያ ስያሜነት አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው ሁለቱ ፍቾች በዚያው ዐረፍተ ነገር፣ ለዚያው ባለቤት፣ እኩል የሚያስኬዱ ሲሆኑ ነው። በሚከተሉት ክፍሎች በዚሁ መመዘኛ እንጠቀማለን።

4. ከወፍ የተወረሱ ቃላት እስከ ምን ድረስ ይበቃሉ?

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ የተሰጠው ስም «ንስረ ተፈሪ» ነበር። በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ንስር የሚለው ስያሜ የዘመኑን አሰያየም ያመለክታል። መሣሪያው ራሱ «አይሮፕላን»፣ በኋላም «አውሮፕላን» እየተባለ በውሰት ስም ቢጠራም፣ ሥራውና አካሉ ስሙን ያገኘው ከወፍ ነው፤ በረረ፣ ዐረፈ፣ አንዣበበ፣ ክንፍ፣ ጅራት። «አኮበኮበ» የሚለውም ወፍ ለመብረር ክንፉን ዘርግቶ ሲንደረደር የሚነገር ሲሆን፣ ዛሬ «ማኮብኮቢያ» የሚል የታወቀ ስያሜ አስገኝቷል።

ይህ የወፍ መዝገብ ለመንገደኛ በረራ ብዙ ጠቅሟል። የተርጓሚያችን ጥያቄዎች ግን ከእርሱ ውጭ ይወድቃሉ። ምክንያቱም ወፍ በተሰመረ መስመር ላይ አታርፍም፤ ከጨፋ ረግረግ ዳር የሚወርደውን አሞራ የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ነፋሱ ወደሚመቸው አቅጣጫ ዞሮ በፈለገው ቦታ ያርፋል። ወፍ ክንፏንም ከሌላ ወፍ ጋር በተራ አትጋራም። እንግዲህ መስመር መጠበቅና በተራ መጋራት የሚባሉት ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦች ከወፍ ስም ሊያገኙ አይችሉም። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ላይ የሚገኙት በሌላ ሙያ ነው፤ ይኸውም በበሬ ማረስ ነው።

5. «ፈር መያዝ»

አስቀድሞ ጽንሰ ሐሳቡን እናብራራ። አብራሪው ወደ ማኮብኮቢያው ሲቃረብ ሦስት ነገሮች በአንድ መስመር ላይ መገኘት አለባቸው፦ የማኮብኮቢያው የመሐል መስመር፣ አውሮፕላኑ የሚጓዝበት አቅጣጫና የአውሮፕላኑ አፍንጫ። ነፋስ ከጎን ሲነፍስ ሦስቱ ይለያያሉ። አብራሪው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መልሶ አግድም እየተጓዘ፣ ወይም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርጎ መስመሩን ይጠብቃል። ጎማዎቹ መሬት በሚረግጡበት ቅጽበት ግን አፍንጫው ከመሐል መስመሩ ጋር መግጠም ይኖርበታል። ካልገጠመ ጎማዎቹና እግሮቹ የጎን ጭነት ይወድቅባቸዋል፤ አውሮፕላኑም ወደ ማኮብኮቢያው ጠርዝ ሊያመራ ይችላል።

ለዚህ ተግባር ሦስት ስያሜዎች ለምርጫ ቀርበዋል። አንደኛው «መስተካከል» ነው፤ ይህ ቃል እኩል መሆንን፣ መታረምንና መደርደርን ሁሉ ስለሚያጠቃልል ለአንድ ጽንሰ ሐሳብ እጅግ ሰፊ ነው። ሁለተኛው «ማቅናት» ነው። ቃሉ ያማረ ቢሆንም «ቀና» ማለት ቀጥ ያለ ማለትም፣ ወደ ላይ የተነሣ ማለትም ነው። አብራሪው ጎማዎቹ መሬት ከመርገጣቸው ጥቂት ቀደም ብሎ አፍንጫውን ወደ ላይ «ቀና» ያደርጋል። ያን ጊዜ አስተማሪ «አቅናው» ቢል ተማሪው ወደ መስመሩ መልሰው ማለት ይሁን ወይም ወደ ላይ አንሣው ማለት ይሁን አይለይም። ሁለቱ ተግባራት የሚፈጸሙት በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት ስለሆነ፣ በሦስተኛው ክፍል ያስቀመጥነው መመዘኛ ይህን ቃል ለመስመር መጠበቅ ይከለክለዋል። ስለዚህ «ቀና ማድረግ» ለአፍንጫው ብቻ ይቀመጥ።

ሦስተኛው «ፈር መያዝ» ነው። ፈር ማረሻ ምድርን ሰንጥቆ የሚያወጣው መስመር ነው። አማርኛ ከዚህ ቃል ብዙ አፍርቷል፦ «ፈር ቀዳጅ» ጀማሪ ነው፤ «ነገሩ ፈር ያዘ» ሥርዓት ያዘ ማለት ነው፤ «ፈር ለቀቀ» ከመስመር ወጣ ማለት ነው፤ «ፈር አስያዘ» ወደ መስመሩ መለሰ ማለት ነው። ለሙያችን የሚያስፈልጉን አራቱም ቅርጾች፣ መያዝ፣ መልቀቅ፣ ማስያዝና የመሥመሩ ስም፣ ያለ አዲስ ፈጠራ ይገኛሉ፦

አውሮፕላኑ ፈር ያዘ፤ አብራሪው ፈር አስያዘ።
በጎን ነፋስ ምክንያት አውሮፕላኑ ፈር ለቀቀ፤ አብራሪዋም መልሳ ፈር አስያዘችው።

በማኮብኮቢያው ላይ በቀለም የተሰመረው ግን «የመሐል መስመር» ተብሎ እንዲቀር እንመክራለን፤ ፈር የተግባሩ፣ መስመር የቀለሙ ስም ይሁን።

ቃሉ የሚመቸው በቅርጹ ብቻ አይደለም፤ በሥራውም ነው። ማረስ የሚማር ልጅ ዐይኑን ከማረሻው ጫፍ ላይ ከጣለ ፈሩ ይጣመምበታል፤ እንዲያቀና የሚነገረው ወደ ማሳው ዳርቻ አሻግሮ እንዲያይ ነው። ማሳረፍ የሚማር ተማሪም ከአፍንጫው ሥር ወዳለው አስፋልት ካፈጠጠ ከፍታውንም አቅጣጫውንም ይስታል፤ አስተማሪዎች ወደ ማኮብኮቢያው ሩቅ ጫፍ እንዲመለከት ያዙታል። እርሻን የሚያውቅ ተማሪ «ፈር ያዝ» ሲባል ቃሉን ብቻ ሳይሆን ዐይኑን ወዴት መጣል እንዳለበትም ይሰማል።

6. «ልዝብ ማረፍ»

«ለስላሳ ማረፍ» የሚለው በቀጥታ የተተረጐመ ሐረግ ነው። ለስላሳ የሚዳሰስ ነገር ጠባይ እንጂ የክንውን ጠባይ አይደለም፤ በከተማ አነጋገር ደግሞ በመጀመሪያ የሚያስታውሰን መጠጥን ነው።

ሕዝቡ ራሱ የማረፍን ዓይነት እንዴት እንደሚለይ ብንጠይቅ መልሱን የምናገኘው ድምፅንና ሁኔታን በሚመስሉ ቃላት ውስጥ ነው። ከበድ ብሎ የወደቀ «ዘጭ አለ»፤ ሳይታሰብ ከላይ የመጣ «ዱብ አለ»፤ ወፍ በቅርንጫፍ ላይ ቀለል ብላ ስትቀመጥ «ኮፍ አለች» ይባላል። አንድ አብራሪ ስለ ጓደኛው «ዛሬ ዘጭ አደረጋት» ቢል ማንም ይረዳዋል። እነዚህ ቃላት ለንግግር እጅግ ገላጭ ቢሆኑም ለመማሪያ መጽሐፍና ለምርመራ ዘገባ አይመቹም። ይሁንና ተርጓሚ ሊያስተውላቸው ይገባል፤ አማርኛ ተናጋሪ ማረፍን በክብደት፣ በድንገተኛነትና በቅለት እንደሚመድብ ያሳያሉና።

ለመደበኛው አጻጻፍ «ልዝብ» የሚለውን እናቀርባለን። የለዘበ ነገር ሻካራነቱና ድርቀቱ የለቀቀው ነው። ከቆዳ እስከ አነጋገር ይነገራል፤ ሰውም «ለዘብ በል» ይባላል። ቆዳ የሚለዝበው ደጋግሞ በመታሸት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ማሳረፍም የሚለዝበው በድግግሞሽ ስለሆነ ቃሉ የልምምድን ሐሳብ ጭምር ይሸከማል። እርግጥ «ልዝብ ሰይጣን» የሚል አነጋገር አለ፤ ነገር ግን ከአውሮፕላን ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለማይገናኝ አያሳስብም። የልዝብ ተቃራኒ «ከባድ ማረፍ» ይሁን። መሬት ረግጦ ተመልሶ መነሣት ደግሞ እንደ ኳሱ «መንጠር» ነው። ቅቤም ይነጥራል፤ ግን ቅቤና አውሮፕላን በአንድ ማኮብኮቢያ ላይ አይገናኙም።

እዚህ ላይ ተርጓሚዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ የሙያ ጉዳይ አለ። «ልዝብ» እና «ጥሩ» አንድ አይደሉም። በዝናብ በረጠበ ማኮብኮቢያ ላይ ጎማዎቹ በውኃው ላይ እንዳይንሸራተቱ ጠንከር ብሎ መርገጥ ይመረጣል። ስለዚህ «ልዝብ» የተሳፋሪን ምቾት፣ «ፈር መያዝ» ደኅንነትን የሚመለከቱ ሁለት የተለያዩ መመዘኛዎች ናቸው። ሁለቱን «ጥሩ ማረፍ» በሚል አንድ ሐረግ የሚጠቀልል ትርጉም ተማሪውን የሚያሳስተው በዋናው ነገር ላይ ነው።

በአገራችን ከፍታ ምክንያት ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። የአዲስ አበባው ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ ለከሚሴና ለሰንበቴ የሚቀርበው የኮምቦልቻ አየር ማረፊያም ከ1,800 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት በመሣሪያው ላይ ከሚነበበው ይበልጣል። ለምሳሌ ያህል በቦሌ ከፍታ በመሣሪያው 65 ኖት የሚነበበው ፍጥነት በእውነቱ ወደ 75 ኖት ይጠጋል። ተማሪው የሚያሳርፈው በሚነበበው ፍጥነት ነው፤ አስፋልቱን የሚጨርሰው ግን በእውነተኛው ነው። እንግዲህ «የሚነበብ ፍጥነት» እና «እውነተኛ ፍጥነት» ብሎ በመለየት መጻፍ ግዴታ ነው።

7. «መቀናጆ» እና «መዋጮ»

አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው ተራ በተራ ማሳቸውን ሲያርሱ ስምምነቱ «መቀናጆ» ይባላል። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ «የተቀናጀ ዕቅድ» የምንለው የዚሁ ቃል ቤተሰብ ነው። በደቦ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ለአንድ ሰው ይሠራል፤ በወንፈል ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። መቀናጆ ግን አንዱ ብቻውን ሊፈጽመው የማይችለውን መሣሪያ ሁለቱ አሟልተው በተራ መጠቀም ነው።

የሁለቱ አብራሪዎች ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። የአውሮፕላን ኪራይና ነዳጅ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ልምምድ ሲቋረጥ ደግሞ ችሎታ ይደክማል፤ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ሕግ ሰው አሳፍሮ ለመብረር አብራሪው ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አስነሥቶ ሦስት ጊዜ ማሳረፍ ይኖርበታል። ሁለቱ ወጪውን ተካፍለው አንዱ ሲያበርር ሌላው እየተመለከተ ይማራል፤ ከዚያም ይለዋወጣሉ። ስለዚህ «የመቀናጆ በረራ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። ልዩነቱን ግን መሸሸግ አይገባም። ገበሬዎቹ የሚያጣምሩት የየራሳቸውን በሬ ነው፤ አብራሪዎቹ የሚያጣምሩት ገንዘባቸውንና ጊዜያቸውን ነው። የተራው ሥርዓት አንድ ስለሆነ ስያሜው ይበቃል ብለን እናምናለን።

ከዚህ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው የገንዘቡ ቃል ነው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት የግል አብራሪ ቢያንስ 17 ዓመት የሞላው፣ ቢያንስ 40 ሰዓት የበረረ መሆን አለበት፤ በፈቃዱም ደመወዝ ወይም ክፍያ ተቀብሎ አያበርርም። ወጪን መካፈልን ግን ብዙ አገሮች ይፈቅዳሉ። በአሜሪካ ሕግ አብራሪው ከድርሻው ያነሰ መክፈል አይችልም፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ አብራሪውን ጨምሮ እስከ ስድስት ሰዎች ወጪውን ይጋራሉ። እንግዲህ ሕጉ ሁሉ የቆመው ወጪን በመጋራትና ትርፍ በማግኘት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

አማርኛ ግን እዚህ ላይ ወጥመድ አለው። «ገንዘብ አዋጣ» ማለት ድርሻውን ሰጠ ማለት ነው፤ «ሥራው ያዋጣል» ማለት ትርፍ ያስገኛል ማለት ነው። ሕጉ የሚፈቅደውና የሚከለክለው በአንድ ግሥ ተነገሩ። «በረራው ለሁለቱ አብራሪዎች የሚያዋጣ ይሁን» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ፣ ድርሻ መክፈልን ሲያስብ ትርፍን ፈቅዶ ሊገኝ ይችላል። ይህ ተራ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 3 መሠረት በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ቢኖር የአማርኛው ይጸናል። ስለዚህ በሕግና በውል ጽሑፍ ግሡ ቀርቶ «መዋጮ» የሚለው ስም ብቻ እንዲገባ እንመክራለን፤ «መዋጮ» ትርፍ የሚል ፍች ፈጽሞ የለውምና። ከፋዩም «ተሳፋሪ» ከሚባል ይልቅ «የመዋጮ ተጋሪ» ቢባል ልዩነቱ ይጠበቃል።

8. መሪውን የመቀባበል ቃላት

መቀናጆ ቢኖርም እርፍ የሚይዘው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ነው። («እርፍ» እና «ዕረፍት» በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በዚህ ብቻ ዝምድና አላቸው ለማለት አይቻልም።) ሁለት አብራሪዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትልቁ አደጋ ሁለቱም መሪውን መያዛቸው፣ ወይም ሁለቱም ሌላው ይዞታል ብለው መልቀቃቸው ነው። ለዚህም ሲባል ሰጪው መስጠቱን፣ ተቀባዩ መያዙን፣ ሰጪው እንደ ገና መረዳቱን የሚናገሩበት ባለ ሦስት እርከን ቅብብል በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው።

የሬዲዮ ንግግር በእንግሊዝኛ ቢሆንም በአንድ አውሮፕላን ውስጥ ያሉ ሁለት ኢትዮጵያውያን እርስ በርሳቸው በአማርኛ መነጋገራቸው አይቀርም። በትእዛዝ አንቀጽ ቢነጋገሩ «ያዝ»፣ «ያዢ»፣ «ይያዙ» እያሉ ጾታንና ዕድሜን መምረጥ ይኖርባቸዋል። ወጣቱ አብራሪ ታላቁን «ልቀቅ!» ለማለት ሲያፍር፣ «እባክዎ ቢለቁት» እስኪል ድረስ ማኮብኮቢያው ያልቃል። መፍትሔው በአንደኛ መደብ መናገር ነው፦ ሰጪው «ለቅቄያለሁ»፣ ተቀባዩ «ይዣለሁ»፣ ሰጪው በድጋሚ «ለቅቄያለሁ»። አንደኛ መደብ ጾታም አንቱታም የለውም፤ ታላቅም ታናሽም፣ ሴትም ወንድም እኩል ይናገረዋል።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የተመረመሩት ስያሜዎች ባጭሩ የሚከተሉት ናቸው፦

ማረፍ፦ የአውሮፕላን ብቻ፤ ለሰው አይነገር።
ማሳረፍ፦ የአብራሪ ተግባር።
መውረድ፦ የሰዎች፣ ከአውሮፕላን።
መርገጥ፦ ጎማዎች መሬት የሚነኩበት ቅጽበት።
ፈር መያዝ፣ ፈር ማስያዝ፣ ፈር መልቀቅ፦ ከመሐል መስመር ጋር መግጠም፣ ማስገጠም፣ መለየት።
ቀና ማድረግ፦ ከመርገጥ በፊት አፍንጫን ከፍ ማድረግ።
ልዝብ ማረፍ፣ ከባድ ማረፍ፣ መንጠር፦ የአረጋገጥ ዓይነቶች።
የመቀናጆ በረራ፦ ሁለት የግል አብራሪዎች በተራ የሚያበርሩት በረራ።
መዋጮ፣ የመዋጮ ተጋሪ፦ ያለ ትርፍ የሚከፈል የወጪ ድርሻና ከፋዩ።

ከእነዚህ መካከል ከዚህ ጸሐፊ የተፈጠረ አንድም ቃል የለም። አውሮፕላን ሲመጣ ቀደምቶቻችን ወደ ሰማይ አይተው ከወፍ ተዋሱ፤ አሁን የቀረውን ወደ ማሳው አይተን ከገበሬው ብንዋስ ሥራው ይሟላል። ነገር ግን ቃል መምረጥ ብቻውን አይበቃም፤ ቃሉ ከማን ጋር እንደሚነገር አብሮ መመዝገብ አለበት። መዝገበ ቃላቶቻችን «ዐረፈ» የሚለውን ቃል ፍቾች ሲዘረዝሩ «ለአውሮፕላን»፣ «ለሰው፣ በአንቱታ» የሚሉ ሁለት አጫጭር ማስታወሻዎች ቢያክሉ፣ ቀጣዩ ተርጓሚ በአንዲት እናት ፊት እኔ እንዳፈርሁት አያፍርም።

የእነዚህን ስያሜዎች ተስማሚነት የአብራሪነት መምህራን፣ ተርጓሚዎችና በየአካባቢው የእርሻን ቋንቋ የሚያጠኑ ባለሙያዎች መርምረው አስተያየታቸውን እንዲያቀርቡ ይጠበቃል። በተለይ «መቀናጆ» በሌሎች አካባቢዎች በምን ስም እንደሚጠራ የሚያውቁ ቢጽፉልን ስያሜው ከመጽደቁ በፊት ይታረማል።